«ቀበቶውም በርበሬውም አልመለሰውም»፦ ለአንዲት የሐዋሳ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰኝ ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዋ የ6 ዓመት ወንድ ልጅና የ10 ወር ሴት ልጅ አላት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ባለቤቷ በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለት ሦስት ቀን ቢገኝ ነው። ልጆቹ የሚውሉት ከአማቷ ጋር ነው። ትልቁ ልጅ ከዓመት ወዲህ ጠባዩ ተለዋውጧል። ሕፃኗን ይመታል፣ ሱቅ ደጃፍ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ከግቢው ተከራዮች የሰማውን ስድብ ይደግማል፤ ከትምህርት ቤትም «ይረብሻል፣ አይሰማም» የሚል ጽሑፍ በደብተሩ ይመጣል። በእጅም በቀበቶም ገርፋዋለች። አንድ ቀን ጎረቤት መክራት በርበሬ አጥናዋለች። መጨረሻ ላይ የጻፈችውን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ሰው ሁሉ ‹ሴት ያሳደገው› ይለዋል። ሐኪም ዘንድ ልውሰደው ወይስ ጸበል? ወይስ እኔው ነኝ ያበላሸሁት?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። አላበላሸሽውም። «ሴት ያሳደገው» የሚለውን ስድብም ከዛሬ ጀምሮ ከጆሮሽ አውጪው፤ አባት በየማታው እቤት እየገባ ልጃቸው ይህንኑ የሚያደርግባቸው ብዙ ወላጆች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ነገር ግን «አንቺን የሚመለከት ምንም የለም» ብልሽ እዋሽሻለሁ። ልጅሽ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ስለሚያዋጣው ነው። እንዲያዋጣው የምታደርጉት ደግሞ፣ ሳይታወቃችሁ፣ አንቺም አማትሽም አስተማሪውም ባለሱቁም ናችሁ። ይህን ለወቀሳ አላልኩትም። ሳታውቁት ያስተማራችሁትን አውቃችሁ ልታስተዉት ትችላላችሁ፤ ወላጆችን በመምከር ሥራ ላይ ይህን ያህል ዘመን ያቆየኝም ይኸው ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ በርበሬው ሳልናገር አላልፍም። ሁለተኛ እንዳይደገም። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሲጨስ ዓይንን ብቻ አያቃጥልም፣ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብባል። አስም ያለበት፣ ወይም እንዳለበት ገና ያልታወቀ ልጅ፣ ትንፋሹ ሊያጥርና ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የ10 ወር ልጅሽም የምትተነፍሰው ያንኑ የቤቱን አየር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስለው ከሆነ፣ ሲተኛ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና የተደረገውን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ልፈርድብሽ አይደለም፤ ማጠንን ሁላችንም ከወላጆቻችን ነው ያየነው። እኔ ትንሽ ሳለሁ ጎረቤታችን ልጇን ስታጥነው በግድግዳው በኩል የሰማሁት ሳል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን አንድ ያየሁትን ላሳይሽ። አንዲት እናት ልክ እንዳንቺ ሕፃን ታቅፋ፣ ትልቁን ልጇን አስከትላ መጣች። የመጣችበት ምክንያት ትልቁ ሕፃኑን እየመታ ስላስቸገራት ነው። እየተነጋገርን ሳለ ልጁ የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጎ ቀስ ብሎ «እማዬ» አላት። ወሬዋን አላቋረጠችም። ትንሽ ቆየና «እማዬ፣ እይ» አለ፤ ከወረቀት አጣጥፎ የሠራትን ነገር በመዳፉ ይዟል። ሳታየው «ቆይ» አለችው። ሦስተኛ ክንዷን ነካ ነካ አደረገ። በክርኗ ገፋ አደረገችው። ዞር አለና የሕፃኑን ጭን በጥፊ አለው። ሕፃኑ ጮኸ፤ እናቲቱ ዞረች፣ እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ፣ ኮሪደር ላይ የነበረች ነርስ በሩን ከፍታ «ምን ሆነ?» አለች። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ልጅ ላይ አፈጠጥን። እናቲቱም «አዩት አይደል? እንዲህ ዝም ብሎ፣ ያለ ምንም ምክንያት!» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ በጨዋ ደንብ ጠይቆ ሦስቴም ምንም አላገኘም። በአራተኛው ቤቱን ሙሉ ሰው አገኘ። ቁጣ ቢሆንም ዓይን ዓይን ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ እናቱ ከማታየው ብትቆጣው ይመርጣል። ወረቀቷ ደግሞ መሬት ወድቃ ነበር፤ ሲወጡ ነው ያየኋት። ጀልባ ነበረች።

ስለዚህ ልጅ ሲያስቸግር እኛ ቀድመን የምንጠይቀው ልክ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረና ልክ ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘ ነው። የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ የሰው ዓይን፣ የሚፈልገው ነገር፣ ከማይወደው ነገር ማምለጫ፣ ወይም ለራሱ ለገላው የሚስማማው ስሜት። ያው አንድ ጩኸት በአንድ ቤት ለዓይን፣ በሌላው ቤት ከቤት ሥራ ለማምለጥ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ይለያያል። ክፍል ውስጥ የሚረብሸው ንባቡ ስለከበደው ከሆነና አስተማሪው «ውጣ!» ካለው፣ ቅጣት ሳይሆን የፈለገውን ነው የሰጠው። አንቺ ከእኔ መልስ ብቻ ጠብቀሽ እንዳትቀመጪ፤ አንድ ደብተር አውጪና ለ7 ቀን ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጻፊ። አጭር ይሁን። «11 ሰዓት፤ ሕፃኗን እያጠባሁ ነበር፤ ወረወረ፤ ተነሥቼ ቆጣሁት» ይበቃል።

ሱቁ ደጃፍ የሆነውን እንደጻፍሽልኝ አንድ በአንድ ልመልሰው። ከፈረቃ ወጥተሽ ሕፃኗን አዝለሽ፣ እሱን በእጅ ይዘሽ ሽንኩርት ልትገዢ ቆምሽ። «ቺፕስ ግዢልኝ» አለ። «ዛሬ ገንዘብ የለኝም» አልሽው። ጮኸ። «አልኩህ እኮ!» አልሽው። መሬት ላይ ተዘረረ። መንገደኛው ያይ ጀመር፣ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ስጪው፣ ልጅ አይደል እንዴ» አለች፣ ባለሱቁም ቺፕሱን ከተንጠለጠለበት አወረደው። ሰጠሽው። ወዲያው ዝም አለ።

በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ የተማረው እሱ ብቻ አይደለም። እሱ «መጠየቅ አይሠራም፣ መዘረር ይሠራል» የሚለውን ተማረ። አንቺም «ስሰጠው ጩኸቱም ኀፍረቱም ያቆማል» የሚለውን ተማርሽ። ሁለታችሁም እፎይ አላችሁ፤ እፎይታውም ነገ ሁለታችሁንም እዚያው ይመልሳችኋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ኦሪገን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። ባልደረቦቹ በየቤቱ እየገቡ ወላጅና ልጅ ሲጨቃጨቁ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ቀድሞ እንደተሸነፈ በየቅጽበቱ ይመዘግቡ ነበር። ያገኙት ነገር ልጁ ወላጁን፣ ወላጁም ልጁን ሳይታወቃቸው እያሠለጠኑ በየዙሩ ጩኸቱ ከፍ እያለ የሚሄድበት አዙሪት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አንዳንዴ መስጠት፣ አንዳንዴ መከልከል ነው። ሁልጊዜ ሲሰጠው የኖረ ልጅ መቅረቱን ሲያይ ቶሎ ይተወዋል። አንዳንዴ የሚሰጠው ግን ሎተሪ እንደሚቆርጥ ሰው ነው፤ ትናንት ስላልወጣለት ዛሬ መቁረጡን አይተውም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲሁ ሱቅ ደጃፍ የሚዘረር ልጅ ይዛ ለመጣች እናት «ሲያለቅስ አትይው፣ ይተወዋል» ብዬ ሸኘኋት። ከመተዉ በፊት እንደሚብስበት አልነገርኳትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ የልጁ ግንባር አብጦ ነበር። 3 ቀን ጸናች። በ4ኛው ቀን ልጁ ራሱን ከግድግዳ ያጋጭ ጀመር፤ ደነገጠችና ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ማልቀሱን ትቶ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሆነ። እሷ የነገርኳትን ነው ያደረገችው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለዚህ አንቺ ከአሁኑ እወቂው፦ የለመደውን ስታቋርጪበት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጩኸቱ ይጨምራል፣ ይረዝማል፣ አዲስ ነገርም ይሞክራል። ይህ ነገሩ መሥራት መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ራሱን የሚያጋጭ ከሆነ ምንም ሳትናገሪ እጅሽን ወይም ጋቢ መሐል አስገቢ፤ ቺፕሱን ግን አትስጪው። እስከ መጨረሻው ልትጸኚበት የማትችዪበት ቀን ከሆነ፣ ድካሙ አንገትሽ ላይ ከደረሰ፣ ገና በጨዋ ደንብ ሲጠይቅሽ «እሺ» በይና ግዢለት። በመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠ ቺፕስ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው ከጩኸት በኋላ የተሰጠው ነው።

ለሱቁ የምመክርሽ ይህ ነው። ባለሱቁን ልጁ በሌለበት ሄደሽ «ልጄ ሲያለቅስ ምንም አታውርድለት፣ ስለ እኔ ብለህ» በዪው። ሱቁ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ጎንበስ ብለሽ በዓይኑ ትክክል «ዛሬ የምንገዛው ሽንኩርትና ዘይት ነው። ሽንኩርቱን አንተ ትቆጥርልኛለህ» በዪው፤ ሥራ ያለው ልጅ ለመዘረር ጊዜ አይኖረውም። ቺፕስ የሚገዛበትን ቀን አንቺው ወስኚ፤ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ነው፣ ሳይጠየቅም ይገዛል። ከተዘረረ ባጃጅ ከማይደርስበት ጥግ ላይ አቁሚው፣ ከጎኑ ቁሚ፣ አትናገሪ፣ አትለማመጪ፣ አትቆጪ። ለሚያዩሽ ሰዎችም መልስ የለብሽም። ጩኸቱ ለአፍታም ቢሆን ሲበርድ ያኔ ተናገሪ፦ «ዝም ስትል ሰማሁህ። ና፣ ሽንኩርቱን እንቁጠር።»

አሁን ከጻፍሽው ሁሉ ይበልጥ ቀልቤን ወደሳበው ነገር ልመጣ። አንቺ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፦ «ከሰዓት በምገባበት ሳምንት እስክመጣ አይተኛም፣ ከአያቱ ጋር ቴሌቪዥን እያየ ይጠብቀኛል።» እስቲ እንቁጠረው። አንቺ ቤት ስትገቢ ማታ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱ ለትምህርት ቤት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሣል። 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ተኛ ማለት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አዋቂ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይፈዝዛል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ቅብጥብጥ፣ ነጭናጫ፣ ቁጡ ይሆናል፣ በትንሽ ነገር ይጮኻል። ደብተሩን አውጪና ከትምህርት ቤት የመጡትን ጽሑፎች ቀን ከፈረቃሽ ጋር አስተያዪው። አብዛኞቹ ከሰዓት በምትገቢበት ሳምንት የተጻፉ ከሆነ፣ «አይሰማም» የተባለው ልጅ እንቅልፍ ያጣና እናቱ የናፈቀችው ልጅ ነው።

እንዲተኛ ደግሞ በግድ አይሆንም፤ የሚጠብቀው አንቺን ነውና። በሻይ ሰዓትሽ ስልክ መጠቀም ከተፈቀደልሽ 2 ሰዓት ላይ ደውዪለትና «ደህና እደር» በዪው። ከራስሽ ነገር አንዱን፣ ሻሽም ይሁን ነጠላ፣ ትራሱ ሥር አኑሪለት። «ስመጣ ግንባርህን እስምሃለሁ፣ ጠዋት ትነግረኛለህ» በዪውና ስትገቢ በእርግጥም ሳሚው። ቴሌቪዥኑ ከመኝታው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጥፋ። አማትሽ የሚከታተሉት ድራማ ካለ እሱን ካስተኙ በኋላ ይሆናል፤ እሳቸውን እንዴት እንደምታናግሪ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ስለ ሕፃኗም እንነጋገር። ጠባዩ የተለወጠው «ከዓመት ወዲህ» ነው ብለሻል፤ እሷ 10 ወሯ ነው። ከዚያ በፊት እሱ አንድ ለእናቱ ነበር። አባቱ በሌለበት ቤት እናቱ ለእሱ ሁሉ ነገር ነበረች። አሁን ጡቱም ጀርባውም እቅፉም የእሷ ሆነ፤ እሱ ያገኘው «አንተ ትልቅ ነህ» የሚል ቃል ነው። ትልቅነት ምን ጥቅም እንዳለው ያሳየው ሰው ግን የለም። በቀን 10 ደቂቃ ስጪው። ሕፃኗን አያቱ ይይዟታል፣ ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሆናል። ጨዋታውን እሱ ይምረጥ፣ አንቺ ተከተዪው። «ይሄ ስንት ነው? ቀለሙ ምንድን ነው?» እያልሽ አትፈትኚው፤ ትምህርት ቤት ይበቃዋል። የሚያደርገውን ብቻ እያየሽ «አሃ፣ መኪናው ዳገት ወጣ» በዪ። በቀን 10 ደቂቃ ምን ይሠራል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ዋናው በየቀኑ መሆኑና በጥፋቱ ምክንያት አለመቅረቱ ነው። ሲያጠፋ የሚነሣበት ከሆነ የእሱ አይደለም፣ ጉቦ ነው። ከሰዓት በምትገቢበት ሳምንት ጠዋት ስታለብሺው፣ እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስትሸኚው ይሁን። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቻልሽ ሕፃኗን ትተሽ እሱን ብቻ ይዘሽ ፍቅር ሐይቅ ውረጂ፤ ጉሬዛዎቹን ዛፍ ላይ ይቁጠር፣ ምንም ባትገዢለትም ግድ የለም።

ማመስገንን በተመለከተ «ልጅ ፊት ለፊት አይመሰገንም፣ ይቀብጣል» ሲባል አድገናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። «ጎበዝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምኑን እንዳየሽለት ንገሪው። «እግሯን ቀስ ብለህ ነካሃት፣ አየሁህ።» «ሳታፈስ ውኃ አቀበልከኝ።» በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታመሰግኚበት ነገር ከጠፋ ትንሿን ፈልጊ፤ ለ5 ደቂቃ ሳይመታት መቀመጡም ይቆጠራል።

ስታዢው ደግሞ ከማድ ቤት ሆነሽ «ተው! አርፈህ ተቀመጥ! ጨዋ ሁን!» አትበዪ። «ተው» ምኑን? «ጨዋ ሁን» ምን ማድረግ ነው? ቅረቢው፣ ስሙን ጥሪ፣ የምትፈልጊውን አንድ ነገር ብቻ በዪ፣ «ጫማህን በሩ ጋ አስቀምጥ»። ከዚያ በልብሽ እስከ 5 ቁጠሪ። «ጅብ ይበላሃል»፣ «ፖሊስ እጠራለሁ»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚሉትን ተዪያቸው። ጅቡ እንደማይመጣ በ6 ዓመቱ ያውቃል፤ ከጅቡ ጋር የአንቺም ቃል ይወድቃል። እኛ ዘንድ ገና በሩ ላይ መርፌ ፈርተው የሚጮኹ ልጆች ብዙዎቹ ይህን ሰምተው ያደጉ ናቸው።

ሕፃኗን ሲመታ ምን ላድርግ ለምትዪው፣ መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ፤ አንሺያት፣ አባብያት። ከዚያ ለእሱ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «እህት አትመታም፤ በርጩማው ላይ ተቀመጥ።» በርጩማው አንቺ በምታዪበት ቦታ ይሁን፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ጨለማ ክፍል መዝጋት፣ ከግቢ ማስወጣት፣ ምሳ መከልከል የለም። ስብከትም የለም፤ በንዴት የጋለ ልጅ ምክር አይገባውም። ሲበርድለት ተነሥቶ ለእሷ አንድ ነገር ያድርግላት፣ መጫወቻዋን ያቀብላት፣ ብርድ ልብሷን ያልብሳት። ከዚያ ነገሩ አለቀ፤ ማታ ለጎረቤት አይነገርበትም።

ግርፊያውን ስላነሣሽው እውነቱን ልንገርሽ። ቀበቶ የሚሠራ የሚመስለው ያን ቅጽበት ስለሚያቆምልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሪው ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሸፈኑ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። በእጅ መመታት በብዛት የሚታየው ከበለጠ ቁጡነት፣ ከበለጠ አስቸጋሪ ጠባይና ከተበላሸ የወላጅና ልጅ ግንኙነት ጋር ነው፤ ልጆቹ በኋላ የተሻሉ መሆናቸውን አላገኙም። ያውም የተመለከቱት በባዶ እጅ የሚመታውን ነው፣ ቀበቶን አይደለም። ነገሩን በአንቺ ቤት ማየት ትችያለሽ፦ እሱ ሲያጠፋ ትልቋ አንቺ ትንሹን እሱን ትመቺዋለሽ፤ ከዚያ እሱ ሄዶ ከእሱ ትንሽ የሆነችውን ይመታል። በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። ኩርኩምና ቁንጥጫ እየደረሰበት እንደሆነ ጠይቂው። አስተማሪውን ግን እንደ ተከሳሽ አታናግሪ። ቤት ምን እንደጀመርሽ ንገሪና ፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጡት፣ በደብተሩም ላይ ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን በቀን አንድ ደህና ነገር እንዲጽፉልሽ ለምኚ። ያቺን ጽሑፍ ማታ አያቱ ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢ።

ስድቡን ቶሎ ልለፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳደብ ግቢው ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ። ተከራዮቹ እንዳይስቁ ንገሪያቸው። አንቺም ስትሰሚ ፊትሽን አትለውጪ።

አማትሽን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጃቸው ልጅ ነው፤ ሲያለቅስ ማየት አይችሉም። አንቺ የከለከልሽውን እሳቸው ከመቀነታቸው ፈትተው ይሰጡታል ብለሻል። «እርስዎ ነዎት ያቀበጡት» ካልሻቸው ነገሩ ያኔ አለቀ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ልጁ በሌለበት «እማማ፣ ልጁ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ነው የሚሰማው። አንድ ነገር ያግዙኝ፣ ጮኾ ሲጠይቅዎ አይስጡት፤ ቀስ ብሎ ሲጠይቅዎ ግን እርስዎው ይስጡት» በያቸው። መስጠቱን አልከለከልሻቸውም፣ ሰዓቱን ብቻ ነው የቀየርሽው። በዚህ መንገድ እንቢ ያሉኝ አያት ጥቂት ናቸው። ባለቤትሽ ከመንገድ እስኪመጣም ልጁን «ለአባትህ እነግረዋለሁ» እያልሽ አታስፈራሪው፤ በወር 3 ቀን የሚመጣ አባት ለጅራፍ ብቻ መምጣት የለበትም። በስልክ በየሁለት ቀኑ ለልጁ ብቻ 2 ደቂቃ ይኑረው፣ መኪናው ዛሬ የት እንዳደረ ይንገረው።

ሐኪም ወይስ ጸበል ላልሽው፣ ጸበሉን አልከለክልሽም፤ ሰላም የምታገኚበት ከሆነ ሂጂ። ልጁን ግን «ጋኔን ይዞሃል» የሚለው ሰው እንዳይኖር፣ እንዳይታሰር፣ እንዳይመታ። ሐኪሙ ደግሞ አይቅር። ጆሮው በደንብ ይሰማል? መግል ወጥቶት ያውቃል? «አይሰማም» የተባለ ልጅ አንዳንዴ በእርግጥም አይሰማም። ሲተኛ ያንኮራፋል፣ በአፉ ይተነፍሳል? በመሐል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ሲጠሩት የማይመልስበት ጊዜ አለ? ደም ማነስ ይመርመር። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም፦ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ልጅ በመድኃኒቱ ምክንያት ቅብጥብጥና ቁጡ ሊሆን ይችላል፤ በራሳችሁ ሳታቋርጡ ለሐኪሙ ንገሩ። ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ ካስፈለገ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ፤ ሪፈራል የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሕፃናትም የአእምሮ ሕክምናም ክፍል አለው። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር የሚባለው፣ ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩና ከአንድ በላይ ቦታ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ ሲሆኑ ነው የሚመረመረው፤ ከሱቅ ደጃፍ ጩኸት ብቻ ተነሥቶ ማንም አይወስንም። በተለይ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። አንድን ሰው ወይም አንድን ቤት በድንገት መፍራት፣ ትቶት የነበረውን ሽንት እንደገና አልጋ ላይ መሽናት፣ ለዕድሜው የማይመጥን ጨዋታ ካየሽ፣ ሳትቆጪ፣ ሳትደነግጪ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ጠይቂውና የሚልሽን እመኚው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ።

ራስሽንም ረስተሻል። በደብዳቤሽ ውስጥ «እኔም አንዳንዴ መኖር ያስጠላኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከወሊድ በኋላ በዓመቱ ውስጥ የሚመጣ ድብርት አለ፣ ይታከማል። ሕፃኗን ለክትባት ወይም ለክብደት ስትወስጂ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ንገሪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ፣ ብቻሽንም አትሁኚ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሩና 10 ደቂቃው ብቻ። ከሰዓት ፈረቃሽ ሲመጣ እንቅልፉን ጨምሪ። ሱቁን በ3ኛው ሳምንት፣ አማትሽና ባለሱቁ ከተነገራቸው በኋላ። ያኔ ጻፊልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሰጪው ስንት ደቂቃ እንደጮኸ፣ በሁለተኛው ቀን ስንት፣ በአምስተኛው ቀን ስንት እንደሆነ ቁጥሩን ላኪልኝ።